የእድሩን ድንኳን ያዋስኩ ዕለት

የዚያን ዕለት ከዋርካው ሥር የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ «እኔ አልነበርኩም» የሚል እንዳይመጣ። እኔ ነበርኩ። ልጄ ትርንጎ ነበረች፤ መስታወት ተሸክማ ወዲያና ወዲህ ስትል። የትምህርት ቤቷ የቲያትር ክበብ ልጆች ከነመምህራቸው ነበሩ። አያ ዘለቀ ነበሩ፤ ለአራት ሰው የሚበቃውን አግዳሚ ለብቻቸው ይዘው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተጋድመዋል። የእድራችን ዳኛ አቶ ፈንታሁን ነበሩ፤ ማንም ሳይጠራቸው፣ ከሁሉም ፊት። አልቃሿ እትዬ ሽታዬ ነበረች፤ እሷ የመጣችው ኋላ ነው፣ እየሮጠች። አያ ዘለቀን ያመጣው የጋሪ ፈረስም ነበረ፤ እሱ እንኳ ከሁላችንም የተረጋጋው ነው። ከዚያ ደግሞ የሰፈሩ ግማሽ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ያልነበረው አንድ ብቻ ነው፤ የሞተው ሰው። ሁላችንም የተቸገርነው እሱን ስንፈልግ ነው።

ነገሩን ከቁልፉ ልጀምር። እኛ ሰፈር፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች፣ ሁሉም በኔ እጅ ነው። ቁልፍ ያዥ ሲመረጥ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደኔ የቀሰረው ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ፈሪ ሰው ዕቃ አይጠፋበትም። እኔ በሬን ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የምገፋ ሰው ነኝ። ዶሮዎቼን ስዘጋ እንኳ «ሁላችሁም አላችሁ?» ብዬ ነው የምዘጋው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያቆምኩትም ወንዙን ስሻገር እንዳልወሰድ ብዬ ነው። ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ክረምት ግን ይመጣል አይደል?

የእድራችን ሕግ አንድ ነው። ዕቃ የሚወጣው ለሞት ብቻ ነው። አምና አቶ ፈንታሁንን የገዛ እህታቸው ልጅ ለሠርጉ ድንኳኑን ቢለምናቸው ምን አሉት መሰላችሁ? «ሙሽራው ይሙትና እሰጣችኋለሁ!» እሳቸው ሲናገሩ አይስቁም። እኛም ስላልሳቁ አልሳቅንም።

አሁን ደግሞ ወደ ላማችን ልመለስ፤ ያለ ላሚቱ ነገሩ አይገባችሁም። ዳልቻ የምትባል ላም ነበረችን። አምና የትምህርት ቤቱ ክበብ አንድ ቲያትር ሠራ፤ ሐይቅ ያለበት። ሐይቁን የሠሩት በሰማያዊ ላስቲክ ነው፣ ማዕበል ሥለውበት፣ ጀልባ ሥለውበት። መድረኩን የሠሩት ደግሞ ለጋ ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ነው። ቲያትሩ አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ ሰው ወደየቤቱ ገባ። እንጨቱ ተማገደ። ሐይቁ ግን ከአጥሩ ጀርባ ቀረ። ዳልቻ ደግሞ ያገኘችውን የማትንቅ ላም ነበረች፤ ሐይቁን በላችው። ሆዷ ተነፋ፣ ማመንዠክ አቆመች፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን ሲከፍተው ሐይቁ ተጠቅልሎ ወጣ። የጀልባዋ ቀለም እንኳ አልለቀቀም ነበር።

ትርንጎ ያን ጀልባ የሣለችው እሷ ነበረች። ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ እናቷ ላሚቱን ትቼ ለሷ ማልቀስ ጀመርኩ።

ዘንድሮ የመድረኩ ሥራ ለሷ ተሰጣት። ከትምህርት ቤት መጣችና ደብተሯን ሳታስቀምጥ፣

«እማ፣ የዘንድሮው ቲያትር አንድ ነገር አይቆረጥለትም፣ አንድ ነገር አይገዛለትም፣ ሲያልቅም አንድ ነገር አይጣልለትም» አለችኝ።

«ታዲያ በምን ልትሠሩት ነው? በጸሎት?»

«በውሰት።»

ቲያትሩ በኛው አካባቢ ስለነበረ አንድ ጫካ ነው። ጫካው እየከሰለ እየተሸጠ ያልቅና አንዲት ዛፍ ብቻ ትቀራለች። እሷም ስትወድቅ የመንደሩ ሰው ድንኳን ተክሎ ለቅሶ ይቀመጥላታል። «ለዛፍ የሚለቀስበትን ቲያትር ዛፍ ቆርጠን ብንሠራው ዛፏ ምን ትለናለች?» አለች ልጄ። እኔ ዛፍ ምን እንደሚል አላውቅም። ሰው ምን እንደሚል ግን አውቃለሁ፤ የምፈራውም እሱን ነው።

መድረኩ ከሜዳው ዋርካ ሥር እንዲሆን ተወሰነ። ሚስማር አይመታበትም፤ ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይልጠው ከሥሩ ጆንያ ይደረግለታል። ጄኔሬተር የለም፤ መብራቱ ፀሐይ ነው፣ በመስታወት እየተያዘ ወደሚፈለገው ቦታ የሚላክ። ነጎድጓዱ ብረት ድስት ነው። ሌላው ዕቃ ከየቤቱ ይለመናል። የማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋም ክር ይታሰርበታል፤ ከኛ ቤት የወጣው ቢጫ፣ ከጎረቤት የመጣው አረንጓዴ። ይህን የክሩን ነገር ስሰማ ትንሽ ልቤ አረፈ። ልጄ መሆኗ ያን ጊዜ ታወቀኝ።

ግን ቤቴ ባዶ ሆነ። የሠርጌ መስታወት ሄደ። ጆንያዎቹ ሄዱ። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ሄዱ። የምንቀመጥባቸው የቀርቀሃ ዱካዎች አንድ ሳይቀሩ ሄዱ። ባለቤቴ ከገበያ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየና፣

«ሌባ ነው የገባው?» አለ።

«ትርንጎ ናት።»

«ሌባ ይሻል ነበር፤ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚወስድ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ዓርብ ዕለት ልጄ አጠገቤ መጥታ ሹሩባዬን መነካካት ጀመረች። ሹሩባዬ ሲነካ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«እማ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረ።»

«አይሆንም» አልኩ ሳልሰማ።

«ድንኳኑ። የለቅሶው ድንኳን። እውነተኛው ተቆልፎበት አቧራ እየጠጣ ሳለ ሌላ ልስፋ? ላስቲክ ልግዛ? እንደ ሐይቁ?»

«ሐይቁ» ስትል ዓይኗ ሞላ። እኔ ደግሞ ያን ዓይን አልችለውም። «ዳኛውን እጠይቃለሁ» አልኳት።

ለመጠየቁስ ሄጃለሁ፤ አልሄድኩም አልልም። በመጀመሪያው ጉዞ አቶ ፈንታሁን በራቸው ላይ ቆመው አንዱን ሲቆጡ አገኘኋቸውና ደህና ዋሉ ብዬ አለፍኩ። በሁለተኛው ውሻቸው ጮኸ። በሦስተኛው ውሻውም አልነበረም፣ የሚቆጡትም ሰው አልነበረም፤ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እሱ ይበልጥ አስፈራኝ። ተመለስኩ።

«ፈቀዱ?» አለች ትርንጎ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ከትከሻዬ ላይ ዝንብ ለማባረር ነበር ብዬ ለእግዜር አስረድቼዋለሁ፤ እሱ ምን እንዳለ ገና አልሰማሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ቤቱን ከፈትኩላቸውና እኔ በሩ ላይ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆምኩ፤ ሰው ቢመጣ ለማሳል። «የሚያስፈልጋችሁን ብቻ አውጡ» አልኩ ሳልዞር። ልጆቹ ከኋላዬ ገቡ፣ ወጡ፣ ገቡ፣ ወጡ። ምን እንደወጣ አላየሁም። ይህን ስህተት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። ቀይ ማለት የእድር ነው።

በሩን ከቆለፍኩ በኋላ ነው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቲያትሩ እስከሚያልቅበት እስከ እሁድ ማታ ድረስ፣ በእድራችን ውስጥ ማንም ሰው መሞት የለበትም። አንድ ሰው ቢሞት ወንዶቹ ወደ ዕቃ ቤቱ ይመጣሉ፣ እኔ እከፍታለሁ፣ ውስጡ ባዶ ነው። በእድር ዕቃ የቀለደ ደግሞ ከእድር ይሰረዛል። ከእድር የተሰረዘ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? እኔ ገና በሕይወት ሳለሁ ሬሳዬ ቤት ውስጥ ሲቀር ታየኝ።

ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዳይሞት መጠበቅ ጀመርኩ። ገበያ ውስጥ የሰዉን ፊት እያየሁ «ደህና ነህ? ፊትህ ገረጣሳ» እላለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ባጃጅ ሲያስነሣ ፊቱ ቆሜ «ዛሬና ነገ ቀስ ብለህ ንዳ፤ ሰኞ እንደፈለግህ» አልኩት። አንዱ ቤት ጣሪያ ላይ ሣር ሲከድን አየሁና እስኪወርድ ድረስ መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። «ምን ያለች ደግ ሴት!» ይላሉ ሰዎች። እኔም ዝም እላለሁ።

ዋናው ስጋቴ ግን አያ ዘለቀ ነበሩ። አያ ዘለቀ ከእድሩ መሥራቾች አንዱ ናቸው፤ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። ከመስከረም ጀምረው በሳል ተኝተዋል። ልጃቸው የሚነግድ ሰው ነው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። የገብስ አጥሚት አፍልቼ ሄድኩ። በሕመማቸው ሁሉ ሄጄ አላውቅም ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

«እንዴት ዋሉ አያ ዘለቀ?»

«አለሁ። አንቺ ምን አመጣሽ?»

«አጥሚት።»

«እሱማ ይታየኛል። አንቺን ምን አመጣሽ ነው የምልሽ።»

ጠጡ። ትራሳቸውን አስተካከልኩ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ነፋስ እንዳይመታቸው፤ መልሼ ከፈትኩ፣ እንዳይታፈኑ። ማታ ሌላ አጥሚት ይዤ መጣሁ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሌላ ይዤ ስመጣ አያ ዘለቀ ተነሥተው ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«እስከ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«እንዳልሞት የምትጠብቂኝ ነዋ። የትርንጎ እናት፣ የያዘኝ ሳል ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ትናንት ልጆች አግዳሚ ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ ሰምቻለሁ። በሰፈሩ ሞት የለም። ቁልፉ ያለው ደግሞ ካንቺ ዘንድ ነው።»

መሬት ብትከፈት የምገባ መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጀልባዋ፣ ስለ ዝንቡም ሳይቀር። እየሳሉ ሳቁ፣ እየሳቁ ሳሉ። እኔ ደግሞ ሳቁ እንዳይገድላቸው ጀርባቸውን ደበደብኩ።

«ይሁን፣ እስከ ማታ አልሞትም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቲያትሩን ታሳዪኛለሽ። ጫካውን እኔ አውቀው ነበር። ፈረሴን የማስርበት ጫካ ነበር።»

«አያ፣ መንገዱ...»

«አለዚያ አሁኑኑ እሞታለሁ» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ስለዚህ በምሳ ሰዓት ጋሪ ጠራሁ። ባለጋሪውን በየጉድጓዱ «ቀስ! እንቁላል ነው የጫንከው በል!» እያልኩ ስጮህበት ፈረሱ ራሱ ዞሮ አየኝ። ከዋርካው ሥር ስንደርስ ትርንጎ ሮጣ መጥታ ደግፋ አወረደቻቸው፣ አግዳሚ ላይ አጋደመቻቸው። አያ ዘለቀም በየዕቃው ላይ ያለውን ክር አይተው ምን እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው።

«እንግዲያው እኔንም እሰሪኝ» ብለው ግራ እጃቸውን ዘረጉ። «ቀዩን አድርጊው። እኔ የእድር ዕቃ ነኝ። ካለቀ በኋላ ወደ ቦታዬ እንድትመልሱኝ።»

አሰረችላቸው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ድንኳኑን እያየሁ ነበር። ድንኳኑ ጀርባ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል የእድሩ ስም ተጽፎበታል። ትርንጎን «ገልብጣችሁ ትከሉት፤ ውጪው ቆሽሿል» ብያት ነበር። ገልብጠውታል። ጽሑፉ ከኋላ ቀርቷል። ንጹሕ ሸራ ብቻ ነው የሚታየው። ተመስገን አልኩ። ዘወር ስል አቶ ፈንታሁን ከፊት ተቀምጠዋል።

«ቲያትር አለ ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉኝ። «ልጅሽ ናት አሉ የሠራችው።»

«አዎን ጌታዬ።»

«ድንኳን ከየት አመጣችሁ?»

«በ... በውሰት ነው።»

«መልካም ሰው ሰጥቷችኋል» አሉ። ፈጥኜ ሣር ላይ ተቀመጥኩ።

ቲያትሩ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። እኔ ግን ምን አየሽ ብባል መናገር አልችልም፤ አንድ ዓይኔ አያ ዘለቀ ላይ ነው፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል ለማየት፤ አንዱ ዳኛው ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ልጄ የሠራችው ያምር ነበር። ጀሪካኖቹ ጆንያ ለብሰው ኮረብታ ሆነዋል። የቀርቀሃ ዱካዎቻችን ተደራርበው የከሰል ጆንያ የሚጫንበት መኪና ሆነዋል። ባለቤቴ «መቀመጫዬ!» አለ ሲያየው፤ ኩራትም እንባም ያለበት ድምፅ ነበር።

ከዚያ የመብራቱ ጊዜ መጣ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ትርንጎ ከድንኳኑ ጀርባ ሆና የሠርጌን መስታወት አነሣች፣ ፀሐይዋን ያዘችና በሸራው ላይ ለቀቀቻት። ሸራው እንደ ፋኖስ በራ። ሰው «እሰይ!» አለ። እኔ ግን ያየሁትን አየሁ። ፊደሎቹ በብርሃኑ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ወደ ኋላ የዞሩ፣ ግን ቀይ፣ ግን ትልልቅ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሮጬ መድረኩ ላይ ወጣሁና ነጠላዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ ፊደሎቹ ፊት ቆምኩ። ነጠላዬ የሚሸፍነው ሁለት ፊደል ነው። ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ የግራው ታየ። ወደ ግራ ሄድኩ፣ የቀኙ ታየ። እንዲህ እያልኩ ስመላለስ አንዱ ከኋላ «ይህቺ ሴትዮ ነፋስ ሆና ነው!» አለ። «ምን ዓይነት ነፋስ! ደግሞ ትንቀጠቀጣለች!» አለ ሌላው፤ ተጨበጨበልኝ። ከድንኳኑ ኋላ የትርንጎ ድምፅ «እማ! ምን ሆነሻል? ውረጂ!» ይላል። አቶ ፈንታሁን ግንባራቸውን ቋጥረው አንገታቸውን ዘንበል፣ ቀና አደረጉ። ፊደል የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ ዛፏ የምትሞትበት ሰዓት ደረሰ። አንዲት ልጅ ከዋርካው ሥር ብድግ አለች፣ ቀይ ክር የታሰረበት ነገር ወደ አፏ አስጠጋች፣ ነፋች።

የእድሩ ጥሩምባ!

ከዕቃ ቤት ከወጡት ዕቃዎች አንዱ እሱ ነበር፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም። ትርንጎ ኋላ «ድምፅ ማጉያ አንከራይም ብለን ነው» አለችኝ። ለልጆቹ ድምፅ ብቻ ነው። በኛ ሰፈር ግን ያ ጥሩምባ ሲነፋ አንድ ነገር ማለት ነው፤ ሰው ሞቷል፣ ያላችሁበትን ትታችሁ ኑ። ሞት ሳይኖር ተነፍቶ አያውቅም። ልጅቷ ደግሞ ሳንባዋ ጥሩ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደገመችው።

መጀመሪያ ውሾች ጮኹ። ከዚያ በሮች ሲከፈቱ ተሰማ። ከዚያ ሰው መጣ። ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው፣ አንዷ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ። ሲመጡ ምን ያያሉ? የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ አግዳሚዎች ተደርድረዋል። የእድሩ ዳኛ ፊታቸውን አጥቁረው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ቁልፍ ያዧ ነጠላዬን ዘርግቼ እየተንቀጠቀጥኩ እዞራለሁ። አግዳሚ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ማን ምን ይጠይቃል?

«አያ ዘለቀን!» ብላ እትዬ ሽታዬ ደረቷን መታች። እትዬ ሽታዬ ባለችበት ለቅሶ አይቀዘቅዝም። አግዳሚው ራስጌ ቆመች፦

«ክረምት ይዘልቃል ብለን፣ በጋ ይሻገራል፣
ዘለቀ ሳይነግረን ጉዞውን ጀምሯል።»

ሕዝቡ ተቀበላት። «አልሞቱም! አልሞቱም!» ብዬ ጮህኩ። «አዎን፣ እንደሳቸው ያለ ሰው አይሞትም» ብላ አንዷ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። እኔ ወደ ጋቢው አየሁ፤ ከፍ ዝቅ አይልም። ከፍ ዝቅ አይልም! በዚያች ሰዓት ድንኳኑንም፣ ዳኛውንም፣ መሰረዙንም ረሳሁ። በጋሪ አንገላትቼ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብዬ እውነተኛ እንባ አለቀስኩ።

እትዬ ሽታዬ ስለ ደግነታቸው ገጠመች። ስለ እርሻቸው ገጠመች። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል ከጋቢው ውስጥ፣

«ስለ ፈረሴስ?» የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬ ሽታዬ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

አያ ዘለቀ ጋቢውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «ይኸን ሁሉ ስትይ ፈረሴን ረሳሽው። በፈረስ ግልቢያ ማን ነበር የሚቀድመኝ? እሱን ጨምሪና ቀጥዪ፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሰማሽ።»

ከዚያ የሆነውን ለመጻፍ እጄ አይችልም። የሮጠ አለ። የወደቀ አለ። እትዬ ሽታዬ «ሬሳው ተናገረ!» ብላ ጋሪው ሥር ገባች። ፈረሱ ብቻ ሣሩን ይግጥ ነበር።

ጩኸቱ በረድ ሲል አቶ ፈንታሁን ተነሡ። ጣታቸውን በበራው ሸራ ላይ አነጣጠሩ።

«የትርንጎ እናት። ይህ ድንኳን የማን ነው?»

«የእድር ነው ጌታዬ።»

«ማን ሞቶ ነው የወጣው?»

ትርንጎ መስታወቷን እንደያዘች ከድንኳኑ ኋላ ወጣች፤ አየችኝ፣ ያን ጊዜ ነው ዳኛው እንዳልፈቀዱ የገባት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ከመሰረዝ ይልቅ እሱ አመመኝ።

«እኔ ሞቼ ነው» አሉ አያ ዘለቀ።

«አያ ዘለቀ፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ? ና እስኪ ፈንታሁን፣ መልስልኝ። እኔ የእድሩ መሥራች አይደለሁም?»

«ነዎት።»

«ስሞት ድንኳን ይተከልልኛል?»

«ይተከልልዎታል እንጂ።»

«እንግዲያው ተተክሎልኛል። ድንኳኔን አየሁ፣ ልቅሶዬን ሰማሁ፣ ከፈረሱ በቀር ሁሉም ደህና ነው። ድርሻዬን በቁሜ ወስጃለሁ። ስሞት እንዳትተክሉልኝ፤ እዚህ ዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጡልኝ። ለነዚህ ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ።»

አቶ ፈንታሁን «እንዲህ ያለ ነገር በደንባችን ላይ የለም» አሉ።

«ከሌለ አልተከለከለም።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ። ዳኛው ብቻ አልሳቁም። ወደኔ ዞሩና «ቁልፉን አምጪ» አሉ። ከአንገቴ አውልቄ በሁለት እጄ ዘረጋሁ። አገላብጠው አዩት፣ መልሰው በእጄ ላይ አደረጉት።

«ሁለተኛ ከበሬ ላይ እንዳትመለሺ» አሉ። «ሦስት ጊዜ መጥተሽ ሦስት ጊዜ ስትመለሺ ቁጭ ብዬ እያየሁሽ ነበር። ድንኳኑንም ሳታጥቢው እንዳታስገቢ።» ከዚያ ወደ ልጆቹ «ምን ቆማችኋል? ዛፏ ሞታለች አይደል? ጨርሱ እንጂ!» ብለው ተቀመጡ።

ልጆቹ ጨረሱ። እንባ ደግሞ አንዴ ከመጣ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ለአያ ዘለቀ የመጣው ሁሉ ለዛፏ አለቀሰላት። እትዬ ሽታዬ ከጋሪው ሥር ወጥታ፣ አቧራዋን አራግፋ ለዛፏ ገጠመችላት፤ ፈረስ የሚታሰርበትንም ጥላ አልረሳችም። እንዲህ ያለ ቲያትር ዳንግላ አይቶ አያውቅም። የትርንጎ መምህር ዓይኑን እየጠረገ «ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣሽው?» ብሎ ጠየቃት። «በውሰት» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም በየቤቱ ገባ። ቢጫው ወደኛ፣ አረንጓዴው ወደ ጎረቤት፣ ቀዩ፣ ሊታጠብ ከቀረው ድንኳን በቀር፣ ወደ ዕቃ ቤት። ዕቃው ቦታው ሲደርስ ትርንጎ ክሩን ፈትታ በጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፤ ለሚመጣው ዓመት። ሜዳው ላይ ከተኛው ሣር በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ላም ቢለቀቅበት የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ዞሬ ዞሬ አይቻለሁ። አያ ዘለቀን በጋሪው ይዘን ቤታቸው ስናገባቸው ልጄ የእጃቸውን ክር ልትፈታ ብትል እጃቸውን ሳቡ።

«ተይው። ገና አልተመለስኩም» አሏት።

እኔ አጥሚቱን አላቋረጥኩም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ድንኳኑ ታጥቦ ገብቶ ነበር። ስለ ፈረሳቸው ያወሩልኛል፣ እኔ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሄጄ በሩን ስገፋው ተቆልፏል። ሳሉ ሌሊት ጸንቶባቸው ልጃቸው ሲነጋ በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ለሕክምና እንደወሰዳቸው ጎረቤት ነገረኝ። ከነአጥሚቴ ቆሜ ቀረሁ።

ወደ ልጃቸው ስልክ ብደውል አይገባም። ኔትወርኩ ነው ይሉኛል። ከእንጅባራ የመጣ ሰው ሁሉ ሲወርድ እጠይቃለሁ፤ ከተማው ትልቅ ነው ይሉኛል። ድንኳኑ ታጥፎ ቦታው ላይ ነው። ጥሩምባውን ራሴ በጨርቅ ጠቅልዬ ከላይ አስቀምጬዋለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከተዋስነው ሁሉ ያልተመለሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንጅባራ ያላችሁ ሰዎች፤ ቀጭን ሽማግሌ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ስለ ፈረስ የሚያወሩ፣ ግራ እጃቸው ላይ ቀይ ክር የታሰረላቸው ካያችሁ፣ አያ ዘለቀ ናቸው። እንዴት እንደሆኑ እባካችሁ ወሬ ላኩልኝ።